የድሮው ሂሮ ኩዌስት ዓለሙ የማን ነው? ከዋርሃመር ጋር ያለውን ነገር የምታውቁ እስኪ አስረዱኝ

የጦሳ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከደሴ ነኝ። ትንሽ ይረዝማል ግን ከስሩ ካልነገርኳችሁ ጥያቄዬ ስለማይገባ ታገሱኝ። አክስቴ ብዙ ዘመን እንግሊዝ አገር ኖራ አሁን ቤት ስትቀይር የልጆቿን የድሮ እቃ ጠቅልላ ላከችልን፣ ከብርድ ልብሱና ከጫማው ስር አንድ ትልቅ የካርቶን ሳጥን ወጣ፣ ማዕዘኑ ሁሉ በፕላስተር የተያዘ፣ ክዳኑ ላይ ጎራዴ የያዘ ጡንቸኛ ሰውዬ ከጭራቆች ጋር ሲዋጋ የተሳለበት። ሂሮ ኩዌስት ይላል፣ የቦርድ ጨዋታ ነው፣ 1989 በፈረንጆቹ። እናቴ ለሰፈር ልጆች ስጣቸው ብላኝ ነበር እኔ ግን ከፍቼ ካየሁት በኋላ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ ወላሂ።

ቦርዱ በኮሪደርና በክፍል የተከፋፈለ ነው፣ ክፍሎቹ ውስጥ የሚቀመጥ እቃ ሁሉ አለው፣ የመጽሐፍ መደርደሪያ፣ መቃብር፣ ምድጃ፣ ከካርቶንና ከፕላስቲክ የተሰራ፣ እቃዎቹ ላይ የሚሰካ ጥፍር የምታክል አይጥና የራስ ቅል ሳይቀር። አሻንጉሊቶቹን ስቆጥር 31 ሆኑ፣ መሆን ያለባቸው 35 ነው፣ አራት ጎብሊን ጠፍቷል። የባርባሪያኑን ጸጉር አንዱ ያክስቴ ልጅ በልጅነቱ በቀይ ኪውቴክስ ቀብቶታል፣ ይሄ ሁሉ ዓመት አልፎ ቀለሙ አልለቀቀም።

አሁን ወደ ጥያቄው። የተልዕኮ መጽሐፉ ላይ ታሪክ አለ። ሜንቶር የሚባል ሽማግሌ መምህር አለ፣ ሞርካር የሚባለው ተማሪው ትዕግስት አጥቶ የተከለከሉትን የድግምት መጻሕፍት በድብቅ አንብቦ ይጠፋል፣ ከዛ ኬኦስ ከሚባለው ክፉ ኃይል ጋር ገጥሞ አገር ያጠፋል። (ይሄን ሳነብ አያቴ ስለ ቆሎ ተማሪና ስለ የኔታ ድብቅ መጽሐፍ የምትነግረን ነው ትዝ ያለኝ፣ ቁርጥ እሱን።) ንጉሠ ነገሥት አለ፣ ከምሥራቅ የሚነሱ ኦርኮች አሉ፣ እርስ በርስ የማይስማሙ ትንንሽ መንግሥታት አሉ፣ ንጉሠ ነገሥቱ እነሱን አንድ ለማድረግ የምዕራብ ኮከብ የሚባል የድሮ ነገሥታት ጌጥ ያስፈልገዋል፣ የኛኑ ዘመነ መሳፍንት የሚያስታውስ ነገር አለው። ያገሩን ስም ግን ፈልጌ አጣሁት።

ቅዳሜ ለት ኮምቦልቻ ያለው ያጎቴ ልጅ መጣ፣ እሱ ኮምፒውተር ላይ ዋርሃመር የሚጫወት ልጅ ነው፣ ሳጥኑን ገልብጦ ሁለት ስም አሳየኝ፣ አንዱ ሚልተን ብራድሊ አንዱ ጌምስ ወርክሾፕ። ያቺን አንድ ዓይና ባለ ጅራቷን ጭራቅ ፊሚርን ሲያይ ይቺ የዋርሃመር ናት፣ ጨዋታው ዋርሃመር ዓለም ውስጥ ነው፣ አለቀ አለኝ። ከዛ ዩቲዩብ ላይ በ2021 የወጣውን አዲሱን እትም ሳይ ፊሚር የለችም፣ የኬኦስ ተዋጊዎቹ ሌላ ስም ተሰጥቷቸዋል፣ ሞርካርም ዛርጎን ሆኗል። ታዲያ የቱ ነው ትክክለኛው? ዓለሙ ዋርሃመር ከነበረ እንዴት ተነቅሎ ይወጣል፣ ካልነበረ ደሞ ፊሚር ምን ትሰራለች?

ሐረጎ፦

ወንድሜ በመጀመሪያ እቃውን ለማንም እንዳትሰጥ። ያጎትህ ልጅ ዓይኑ ጥሩ ነው ግን ግማሹን ነው ያየው።

ጌምስ ወርክሾፕ በ1975 እንግሊዝ ውስጥ የተመሰረተ ነው፣ ዋርሃመርን በ1983 አወጣ፣ መጀመሪያ ላይ በትንንሽ አሻንጉሊት ጦር ለማዋጋት የሚሆን ህግ ነበር እንጂ ይሄ ሁሉ አገርና ታሪክ አልነበረውም፣ ዓለሙ ከእትም እትም ነው እየተገነባ የመጣው። ሚልተን ብራድሊ ደሞ የቤተሰብ ጨዋታ የሚሰራ የአሜሪካ ድርጅት ነበር፣ በ1984 ሃዝብሮ ገዝቶታል። ሂሮ ኩዌስትን የነደፈው ስቲቨን ቤከር ሚልተን ብራድሊ ከመግባቱ በፊት ጌምስ ወርክሾፕ የሰራ ሰው ነው፣ ስለዚ ቅዠታዊ ጨዋታ ለልጆችና ለቤተሰብ ይሁን ሲባል አሻንጉሊቱን ማን ያበጀው ለሚለው ድሮ የሚያውቃቸውን ጋ ሄደ። ሳጥኑ ላይ ሁለት ስም ያየኸው ለዚህ ነው፣ ፊሚርም የገባችው በዚሁ በኩል ነው፣ በ1987ቱ ሦስተኛ የዋርሃመር እትም ውስጥ ነበረችና።

አሁን ልብ በል፣ በዚያው በ1989 ጌምስ ወርክሾፕ ራሱ አድቫንስድ ሂሮ ኩዌስት የሚል ሌላ ጨዋታ አወጣ፣ ስሙ ይቀራረባል እንጂ ህጉ የከበደ፣ ጠላቶቹ ስኬቨን የሚባሉት የዋርሃመር አይጠ ሰዎች ናቸው፣ እሱ በግልጽ ዋርሃመር ዓለም ውስጥ ነው። በ1990 ደሞ ያው ሁለቱ ድርጅቶች ተጣምረው ስፔስ ክሩሴድን አወጡ፣ እዛ ላይ ምንም መደበቅ የለም፣ ብለድ ኤንጅልስ፣ አልትራማሪንስ፣ ኢምፔሪያል ፊስትስ እያለ የጠፈሩን ዋርሃመር፣ የዋርሃመር 40,000ን ጦር በየስሙ ይጠራል። ስለዚ ዓለማችን ይሄ ነው ማለት ሲፈልጉ ይሉ ነበር። ያንተ ሳጥን ላይ አላሉም። ምጣዱን ከጎረቤት ተውሰው የራሳቸውን እንጀራ ነው የጋገሩት፣ ምጣዱ ላይ የጎረቤት ምልክት አለ፣ እንጀራው ግን የነሱ ነው። ሜንቶርም ሞርካርም ያንተው ሳጥን ሰዎች ናቸው።

እመት ጦጢት፦

ሐረጎ ጥሩ አድርገህ ነው ያስረዳኸው ግን እኔ አንድ ነገር ላይ አልስማማም። አሁን አያ ጅቦ የማን ነው? እኔ ቧንቧ ውሃ ሰፈር አያቴ እግር ስር ቁጭ ብዬ ተረት ተረት ስትል የመሰረት እያልኩ ነው ያደግኩት፣ በዚህኛው ተረት አያ ጅቦ ገደል ይገባል፣ በነጋታው በሌላ ተረት አህያ ሊበላ ሲመጣ ይገኛል፣ አንዳችንም ትናንት ሞቶ አልነበር እንዴ ብለን ጠይቀን አናውቅም። እመት ጦጢትም እንደዛው፣ እዚህ ብልጥ ናት እዛ ትታለላለች። የሁሉም ሰው ናቸው፣ ተረቱን የሚነግረው ሰው ለዛ ማታ ያመጣቸዋል ከዛ ይሸኛቸዋል።

ባርባሪያን፣ ድንክ፣ ኤልፍ፣ ጠንቋይ፣ አጽም፣ ዞምቢ፣ የተገነዘ ሬሳ፣ እነዚህ ሁሉ እንደ አያ ጅቦ ናቸው ባይ ነኝ። ስታያቸው ማን እንደሆኑ ማንም ሳይነግርህ ታውቃለህ፣ ባርባሪያኑ የሰውነት ነጥቡ 8 የአእምሮ ነጥቡ 2፣ ጠንቋዩ የሰውነት ነጥቡ 4 የአእምሮ ነጥቡ 6፣ ሁለት ቁጥር ብቻ ነው ግን ሰውየው ቁልጭ ብሎ ይታይሃል። ድሮ ጨዋታውን ለልጅ በአስር ደቂቃ ማስረዳት የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው፣ መጀመሪያ የሦስት ሺህ ዓመት ታሪክ አንብብ አይልህም። ስለዚ የጦሳ ልጅ ዓለሙ የማን ነው ላልከው፣ እኔን ከጠየቅከኝ የዛን ማታ የነጋሪው ነው።

ቦርከና፦

እህቴ ተረቱን ወድጄዋለሁ ግን አያ ጅቦ ባለቤት የለውም፣ ፊሚር አላት። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው፣ የ2021ዱን እትም ቁጭ ብለህ ከድሮው ጋር ስታስተያየው ይሄ ልዩነት በቢላ እንደተቆረጠ ይታይሃል።

አዲሱን ያወጣው ሃዝብሮ ነው በአቫሎን ሂል ስም፣ ጌምስ ወርክሾፕ የለበትም። እና ምን ቀረ ምን ወጣ? ኦርክ ቀረ፣ ጎብሊን ቀረ፣ አጽሙ ዞምቢው የተገነዘው ሬሳ ቀረ፣ ማንም የኔ ነው ሊል የማይችለው ሁሉ ባለበት አለ። የወጡት ከዋርሃመር ጋር የተጣበቁት ናቸው፣ ፊሚር ወጥታ በቦታዋ ዓሣ የሚመስል አቦሚኔሽን የሚባል ጭራቅ ገባ፣ ኬኦስ የሚለው ቃል ተነስቶ ድሬድ ተባለ፣ ስለዚ የኬኦስ ተዋጊ የነበረው የድሬድ ተዋጊ ሆነ። ዓለሙ እንዴት ይነቀላል ላልከው በቃ እንዲህ ነው የሚነቀለው፣ አንድ ጭራቅና አንድ ቃል ስትነቅል ጨዋታው ንቅንቅ አላለም፣ ያው አስራ አራቱ ተልዕኮዎች በቦታቸው ናቸው። ሐረጎ ምጣድ ያለው እውነት ነው ማለት ነው።

ዛርጎን ላይ ግን አንድ ነገር ላርምህ፣ እሱ የ2021 ለውጥ አይደለም። ጨዋታው በ1990 አሜሪካ ሲገባ ያኔውኑ ሞርካር ዛርጎን ተብሏል፣ ላውሮፓ ሞርካር ላሜሪካ ዛርጎን። ያክስትህ ሳጥን የእንግሊዝ ስለሆነ ነው ሞርካር የሚለው። አንተ ጋ ያለው የመጀመሪያ ስሙ ነው።

ይሄ የስም ነገር ደሞ አዲስ አይደለም። ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚባለው፣ ተጫዋቹ ገጸ ባሕርይ ይዞ የሚጫወተው ጨዋታ በ1974 ሲወጣ ሆቢት የሚል ቃል ነበረበት፣ ሆቢት የደራሲው የቶልኪን ትንንሽ ሰዎች ናቸው፣ የቶልኪን ዓለም ባለመብቶች ቅሬታ ሲያነሱ ሃፍሊንግ ተባለ፣ ባልሮግ የሚባለው የቶልኪን ጋኔንም ባሎር ሆነ። ኤልፉንና ድንኩን ግን ማንም አልነካቸውም ምክንያቱም ከቶልኪን በፊትም በተረት ነበሩ። እመት ጦጢት ያልሽው ለኤልፍ ይሰራል፣ ለሆቢት አይሰራም።

የጦሳ ልጅ፦

ወይኔ እንዲህ ይብራራል ብዬ አልጠበኩም፣ አላህ ይስጣችሁ። ያጎቴ ልጅ አንብቦታል፣ ዝም ብሏል።

አንድ ነገር ግን ልቤን ነካው። እሱ ሲነግረኝ ዋርሃመር የድሮው ዓለም ጠፍቷል አለኝ፣ ድርጅቱ ራሱ አጠፋው አለ። እውነት ነው? እንደዛ ከሆነ የኔ ሳጥን ከዛ ተውሶ የመጣው ፊሚር አገሯ የለም ማለት ነው። ደሞ ሁሌም እንደዚህ ነው ወይ፣ መጀመሪያ ትልቅ ዓለም ይፈጠርና ከዛ ትንሹ የቦርድ ጨዋታ ከሱ ይቀዳል?

ሐረጎ፦

አብሽር፣ እውነት ነው ግን ሙሉው አይደለም። በ2015 ጌምስ ወርክሾፕ የድሮውን ዓለም በታሪኩ ውስጥ አፈራርሶ ኤጅ ኦፍ ሲግማር በሚባል ሌላ ዓለም ተካው፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጦር ቀለም ሲቀቡ የኖሩ ሰዎች አልቅሰዋል። ከዛ በጥር 2024 ዘ ኦልድ ወርልድ ብለው መልሰው አመጡት፣ ከጥፋቱ በፊት ባለው ዘመን ላይ። ልብ በልልኝ፣ እነሱ ሲያፈርሱም ሲመልሱም ያንተ ሳጥን ውስጥ ያለችው ፊሚር ጅራቷ እንኳ አልነቃነቀም። ባለቤቱ የሚያፈርሰው ከዛሬ ጀምሮ የሚያትመውን ነው፣ 1989 ላይ ታትሞ ደሴ የገባውን አይነካውም።

ሁለተኛው ጥያቄህን ነው የበለጠ የወደድኩት ምክንያቱም ብዙ ሰው ይገለብጠዋል። ዓለሙ ብዙ ጊዜ ከጠረጴዛው ኋላ ነው የሚመጣው። ደንጀን የሚባለውን በ1975 የወጣውን የቦርድ ጨዋታ ውሰድ፣ የሰራው ዴቪድ ሜጋሪ ነው፣ እሱ ደሞ ዴቭ አርንሰን ብላክሙር በሚል አገር ውስጥ ያጫውታቸው ከነበሩት ጓደኞች አንዱ ነው። ያኔ ብላክሙር የራሱ መጽሐፍ አልታተመለትም፣ አንድ ቤት ውስጥ የሚሰበሰቡ ልጆች የሚያውቁት ነገር ነው። ሜጋሪ የዛን ማታ ማታ ጨዋታ ማንም ሳይመራው በቦርድ ላይ መጫወት ይቻላል ብሎ በ1972 መጀመሪያውን ሰራ፣ ማለትም ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ራሱ ከመታተሙ ሁለት ዓመት በፊት። አርንሰን ከጋሪ ጋይጋክስ ጋር ያንን ካወጡ በኋላ ነው ብላክሙርም የጋይጋክሱ ግሬይሆክም ለሕዝብ የታተሙት፣ ዛሬ ትልልቅ ዩኒቨርስ የምንላቸው መነሻቸው የአንድ ሳሎን ጠረጴዛ ነው። ስለዚ የቦርድ ጨዋታ የትልቅ ዓለም ቁራጭ ብቻ አይደለም፣ አንዳንዴ ዘሩ ነው።

ታሊስማንም አለ፣ ሮበርት ሃሪስ የነደፈው በ1983፣ አገሩ ስም የለውም፣ መንደርና ከተማ በረሃና ወንዝ ብቻ ነው፣ በ1988 ግን ታይምስኬፕ የሚል ጭማሪ ወጣለትና የጠፈር ወታደር ከጠንቋይ ጋር አንድ ቦርድ ላይ ተገናኘ። ያኔ ማንም ዓለማችን ተበላሸ ብሎ አልተጣላም፣ ገና አጥሩ አልታጠረም ነበር። ፊሚር ያንተ ሳጥን ውስጥ እንደልቧ የገባችውም በዛ ዘመን ስለሆነ ነው፣ ዛሬ ቢሆን ያለ ብዙ ገጽ ውል አትገባም።

ጋሼ ሸዋ በር፦

ልጆቼ ጽሑፋችሁን ልጄ አሳየኝና አንብቤ ደስ አለኝ። እኔ ፊሚርም ዋርሃመርም አላውቅም፣ የማውቀው የኛን አገር ቼዝ፣ ሰንጠረዥን ነው። አባቴ ይጫወት ነበር፣ ከሱ ተምሬ ዛሬ አብሮኝ የሚጫወት ሰው ያጣሁ ሰው ነኝ።

ሰንጠረዥ ላይ ንጉሥ አለ፣ ፈርዝ አለ፣ ፊል አለ፣ ፈረስ አለ፣ መደቅ አለ። ጨዋታው ሲጀመር ወረራ ይባላል፣ ተራ የለም፣ ሁለታችሁም በፈለጋችሁት ፍጥነት እየገፋችሁ ጦራችሁን ታሰልፋላችሁ፣ እጅ ከእጅ ይጋጫል፣ የመጀመሪያው ሰው ሲበላ ነው ተራ የሚጀመረው። አባቴ በወረራው ሰዓት ጦሩን እያሰለፈ ይናገር ነበር፣ ይሄ ፈረሰኛ ከይፋት የመጣ ነው፣ ይሄኛው ከየጁ ነው፣ ይሄ ንጉሥ አይነኬ ነው እያለ። ቦርዱ ላይ ይፋት የሚል የለም፣ የጁ የሚልም የለም። እኔ ልጁ ግን ዛሬም ያን ፈረስ ሳየው ከይፋት የመጣ ነው የሚመስለኝ። እና የጦሳ ልጅ ያገሩን ስም ፈልጌ አጣሁት ስትል አባቴ ትዝ አለኝና ነው የጻፍኩት። ስም ካጣህለት አንተ ስጠው እንጂ።

ቦርከና፦

ጋሼ እድሜ ይስጥልን። እርስዎ ያሉትን ነው እኔ በህግ በኩል ዞሬ ልደርስበት የፈለግኩት። የጦሳ ልጅ ንድፈ ሃሳቡ ይብቃና ለመጫወት የጎደለህ ምንድነው?

የጦሳ ልጅ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ የጻፉትን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

የጎደለኝ፣ ጎብሊን አራት፣ ነጮቹ የውጊያ ዳይሶች ደሞ አንዱም የለም፣ ቀዩ ብቻ ነው ያለው። ከድግምት ካርዶቹ የአየር የእሳት የውሃ የመሬት የሚሉት በየሦስት በየሦስት ሙሉ ናቸው።

ሐረጎ፦

ድግምቱ ሙሉ ከሆነ ሌላው ቀላል ነው። ነጩ ዳይስ ስድስት ፊት ነው፣ ሦስቱ የራስ ቅል፣ ሁለቱ ነጭ ጋሻ፣ አንዱ ጥቁር ጋሻ። ስለዚ የሉዶ ዳይስ ውሰድና 1፣ 2፣ 3 ሲመጣ የራስ ቅል በለው፣ 4 እና 5 ነጭ ጋሻ፣ 6 ጥቁር ጋሻ። የራስ ቅል ይመታል፣ ነጩ ለጀግኖቹ ይከላከላል፣ ጥቁሩ ለጭራቆቹ። ባርባሪያኑ በሦስት ዳይስ ነው የሚመታው ስለዚ ቢያንስ ሦስት ፈልግ። ድግምቱን ስታካፍል ኤልፉ አንዱን ዓይነት ይወስዳል ጠንቋዩ ሦስቱን።

የጦሳ ልጅ፦

ተጫወትን! ትናንት ማታ፣ እኔ ሞርካርን፣ ማለትም ጭራቆቹን ያዝኩ፣ ጀግኖቹን ደሞ ሁለቱ የእህቴ ልጆች፣ ያጎቴ ልጅ እና ጎረቤታችን። ለጎደሉት ጎብሊኖች እናቴ አራት ፍሬ ጥሬ ቡና ሰጠችን፣ ለልጆቹ ጎብሊን ከቡና አይለይባቸውም ነበር፣ እንዲያውም ትንሽዋ ቡናውን ስትገድል እጇን አፏ ላይ ጭና ጮኸች።

መጀመሪያውን ተልዕኮ ከመጀመራችን በፊት የጋሼን ምክር አደረግኩ፣ ጉድጓዱ ጦሳ ስር ነው አልኳቸው፣ በሩ ደሞ አዝዋ ገደል በኩል ነው። ያጎቴ ልጅ ይሄ እኮ ዋርሃመር ነው ብሎ ሊናገር አፉን ሲከፍት ትልቁ የእህቴ ልጅ ቀደመውና ታዲያ ፊሚር በየት በኩል ገባች ብሎ ጠየቀኝ። እኔም መልስ ስላልነበረኝ እናንተ ድረሱበት አልኳቸው። ትንሽዋ በሐረጎ በኩል በጭነት መኪና ተደብቃ ነው የመጣችው አለች፣ ሁሉም ተስማሙ፣ ያጎቴ ልጅ ራሱ ከየት ተጭና እንደመጣች እስከ እኩለ ሌሊት ሲጨምርበት አመሸ።

በመጪው ቅዳሜ ሁለተኛው ተልዕኮ ነው፣ ሰር ራግናር የሚባለውን ሰውዬ ከእስር ማስፈታት። ጋሼ፣ ቤታችን ከእርስዎ ሰፈር ሩቅ አይደለም፣ ሰንጠረዡን ይዘው ይምጡ፣ ልጆቹ ወረራውን ማየት ይፈልጋሉ።

ጋሼ ሸዋ በር፦

እመጣለሁ። ቡናውን ግን እንዳትቆሉት፣ እስከ ቅዳሜ ይቆይ።